ጀላል ብለን የጠራነው ልጅ

ነገሌ፣ ጥር 12 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእትዬ ማሚቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔና ረዲ፣ ልጃችን ሱሀይብም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤዎን ሹፌሩ ኤርሚያስ ከሞያሌ ሱቃችን ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ የስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ወር ሙሉ መኖራችሁን የነገረን አልነበረም። አንዱ ድንበር ላይ አየኋቸው ይላል፣ ሌላው መኪናው ተገልብጦ አለቁ ይላል።

ጽሑፌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። መሠረተ ትምህርት ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ስመጣ «ረሒማ፣ የ‹ረ›ን እግር የት ጣልሽው?» እያሉ ያስቁኝ ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ይኸው ነው።

የጋሽ አምሀ ደረት አሳዘነኝ። ደም ያስለዋል ያሉት ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። እኛ ዘንድ የተዋችሁትን የልጃችሁን የግርማን መልካም ወሬ ከሰማ ይበላል ብለው ጽፈዋል።

ልጁን ለምን ጀላል አላችሁት፣ ስሙን ማን ለወጠው ብለው ጠይቀዋል። ኤርሚያስ ያን ሰሞን ሱቅ ሲመጣ እንደዚያ ስንጠራው ሰምቶ ነው የነገረዎት። ነገሩ እንዲህ ነው። እናንተ በሄዳችሁ በሦስተኛው ቀን የታጠቁ ሰዎች የሹማምንቱን ቤት ይፈትሹ ጀመር። የማን እንደሆኑ እንኳ አላወቅንም። ልጁ የማን ነው ቢሉን ምን እንመልሳለን? ረዲ «የእህቴ ልጅ ነው፣ ጀላል ይባላል» አላቸው። ኋላ እኔ ይህን ስም ለምን መረጥክ ብዬ ብጠይቀው፣ «የሰው አደራ ተቀብለን ስሙን ዝቅ አናደርግበትም። የእነሱ ግርማ በዐረብኛው ጀላል ነው። ልብሱን እንጂ ልጁን አልቀየርነውም» አለኝ። እንጨት የሚያመጣልን ሽማግሌው ዲባ ደግሞ የስሙን ትርጉም ጠይቆ ሲነገረው «እንዲያ ከሆነ በኛ ኡልፊና ነው፣ ክብር ማለት ነው» ብሎ እሱም በራሱ ቋንቋ ጠራው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ስም ነበረው።

ስለ ኩፍኙም ጠይቀዋል። እንዳዘዙኝ ጨለማ ክፍል አስተኛሁት። በጨርቅ ውሃ እያስነካሁ ከንፈሩን አራስኩለት። ትኩሳቱ በዘጠነኛው ቀን ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላቃጠለውም። ባለበት የሚነካው የለም።

ጋሽ አምሀ ይብላ።

ረሒማ

*

ኬንያ፣ ከስደተኞች ካምፕ
መጋቢት 3 ቀን 1984 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ረሒማ፣

ደብዳቤሽን ለአምሀ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ሦስተኛው ላይ «ትኩሳቱ ለቀቀው» የሚለውን እሱ በቃሉ ተቀበለኝ። በዚያው ቀን ገንፎ በላ። አንድ ሰሐን ሙሉ።

«ልብሱን እንጂ ልጁን አልቀየርነውም» ያለውን ሲሰማ ሳቀ፤ ረዲን አመስግኝልኝ አለ። ስሙን ማን ለወጠው ብዬ በቁጣ በመጻፌ ይቅር በይኝ። አምሀ ለዚያ ስም ለምን እንደሚሳሳ ነግሬሽ አላውቅም። አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው ቤት ያደረ ሰው ነበር። ስም ነበረው፣ ግን የሚጠራው አልነበረም። «አንተ!» ነው የሚባለው። ስልሳ ዓመት «አንተ» ተብሎ ኖሮ «አንተ» ተብሎ ሞተ። አምሀ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ገበሬው ወይም ከብት አርቢው በሩ ላይ ሲቆም ከሁሉ በፊት ስሙን ጠይቆ በስሙ ነበር የሚያናግረው። ልጃችን ሲወለድ «ይህን ልጅ የሚጠራ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ያከብረዋል» ብሎ ግርማ አለው።

እዚህ መርፌ የምትወጋው ኬንያዊት ነርስ ስለ ልጄ ስነግራት የስሙን ትርጉም ጠየቀችኝ። በምልክትም በተሰባበረ እንግሊዝኛም አስረዳኋት። «ሄሺማ!» አለች፤ በእነሱ ቋንቋ ክብር ማለት ነው፤ የአያቷም ስም ነው አሉ። አሁን ስትመጣ «የሄሺማ እናት» ትለኛለች።

ለምን ተውሽው ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ አንቺ ብቻ አልጠየቅሽኝም። ኤንትሬው፣ የጭነት መኪናው ላይ ከወጣን በኋላ ሹፌሩ አቅፌው አየኝና «እናት፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ነው፣ ውሃ የለም። ይህን ልጅ መንገድ ላይ ትቀብሪዋለሽ» አለኝ። መንገድ ላይ እንዳልቀብረው ነው ወርጄ እጅሽ ላይ ያስቀመጥኩት። ለሁለት ሳምንት ነበር።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ውጭ ጀላል በሉት። ግን በቀን አንዴ በሩን ዘግተሽ ግርማ ብለሽ ጥሪልኝ። እንዳይረሳው።

ከታደለን ብርድ ልብስ ክር መዝዤ ሹራብ ሠርቼለታለሁ። በነገሌ ሙቀት ሹራብ መላክ ሞኝነት ነው። ቢሆንም ልኬያለሁ።

ማሚቴ

*

ነገሌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማሚቴ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ።

ሹራቡ ደርሷል። ልኩ ነው ወይ ብለው ከዚያ በኋላ በላኩት ደብዳቤ ጠይቀዋል። እጁ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ያድግበታል። ያወራል ወይ ብለዋል። ኧረ አፉ አይዘጋ! ከረዲ ጋር ጉራጊኛውን፣ ከዲባ ጋር ኦሮምኛውን፣ ከእኔ ጋር አማርኛውን ያቀላጥፈዋል። ባለፈው ሳምንት ከዲባ አህያ ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ዲባ ደህና ነህ ወይ ሲል «ኡልፊና፣ ናጋ?» ቢለው፣ ደሙን እየዋጠ «ናጋ» አለ። ወንድ ነው። ለጋሽ አምሀ ይህን ይንገሩልኝ።

እንዳዘዙኝ በየቀኑ እጠራዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ሲይዝ ሱቁን ገርበብ አደርግና ወደ ጓዳ ገብቼ «ግርማ» እላለሁ። አንዴ ብቻ። እትዬ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ የሰው ስም ሲጠራ እንዴት እንደሚመለስ አያውቁም። ማለቴ፣ ልጁ ውጭ ሲጫወት ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ እንደ ልማዴ ስጠራ ከኋላዬ «አቤት» የሚል ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ሱሀይብ ነው። «አንተን አልጠራሁህም» ስለው «ታዲያ ማን አለ?» አለኝ።

ፎቶ ላኪ ብለዋል። ፎቶ ቤቱ ከግርግሩ ወዲህ አልተከፈተም። ሲከፈት እልካለሁ።

ረሒማ

*

ኬንያ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1985 ዓ.ም.

ረሒማ፣

ይህን ደብዳቤ ቶሎ እንዲያደርስልሽ ኤርሚያስን ለምኜዋለሁ። ፎቶ ቤቱ ከጥር ጀምሮ ተከፍቷል ብሎኛል። ምነው እህቴ? ልጁ አስታውሶን እንዳይቀየም፣ እንዳይናፍቅ ብለሽ ነው? ወይስ ሰውነቱ ከስቶ እንዳላይ?

አምሀ እየደከመ ነው። ገንፎውም ቀርቷል። ትናንት «ፊቱ ጠፋብኝ። ስሙን እጠራለሁ፣ ፊት አይመጣልኝም» ብሎ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

አንድ ፎቶ ብቻ።

ማሚቴ

*

ነገሌ፣ ሰኔ 2 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማሚቴ፣

ፎቶውን ይኸው ልኬያለሁ። የለበሰው እርስዎ የሠሩትን ሹራብ ነው። ፀሐዩ ስለመታው ዓይኑን ጨፈን አድርጓል፣ አንገቱንም ዘንበል አድርጓል። ልጅ በሁለት ዓመት ብዙ ይለወጣል። እናት እንኳ ብትሆን ትስተዋለች። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

ለጋሽ አምሀ ያሳዩት። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ረሒማ

*

ኬንያ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለረሒማ፣

ፎቶው ደርሷል። አመሰግናለሁ።

አምሀ ሐምሌ 28 አረፈ። ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አየው። «አገጩን አየሽው? የአባቴ አገጭ ነው» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «አሁን ማንም አንተ አይለውም» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ብቻ ኖረ። ሳይጨነቅ ነው የሄደው። ፎቶውን ከእጁ ማስለቀቅ ስላልሆነልኝ ከእሱው ጋር ቀበርኩት።

ሌላ አትላኪልኝ።

ሱሀይብን ሳሚልኝ።

ማሚቴ

*

ነገሌ፣ ኅዳር 30 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማሚቴ፣

ጋሽ አምሀን ፈጣሪ ነፍሱን ይማር። ረዲ ለሦስት ቀን ሱቅ ዘግቶ ተቀመጠ። ጎረቤት «ማን ሞተባችሁ?» ሲል «ወንድሜ» አለ። እርስዎን ያጽናዎት።

በደብዳቤዎ ሱሀይብን ሳሚልኝ ብለዋል። ሌላውን ረስተውት ነው? ከሐዘን ብዛት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ቢሆንም ያቺን አንዲት መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም።

በዚህ ዓመት ለልጁ ጫማ ገዝቼለታለሁ። ቡናማ፣ ማሰሪያ ያለው። ከዓምናው አንድ ቁጥር ይበልጣል። ሁለቱንም አልጋ ሥር አስቀምጫለሁ። ረዲ «ይህን ጫማ ማን ያደርገዋል?» ይለኛል። እኔም እግሬ ሲያልፍ ወደዚያ አላይም። ሱሀይብ ግን አጎንብሶ አይቶ «ያልቆሸሸ ጫማ ያስፈራል» አለኝ። ልጅ ምን የማይለው አለ።

እየጠራሁት ነው። አልተውኩም። የሚመጣበት ሰዓት ግን ተለውጧል። አሁን ሳልጠራውም ይመጣል።

ምን ጻፍኩ? ሙቀቱ ነው። ለማንኛውም ደህና ነን። እባክዎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ስለ ልጁ ምነው መጠየቅ ተዉ?

ረሒማ

*

ቦሬ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለረሒማ፣

እንደምን ነሽ? ከሁለት ዓመት በላይ ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። በደብዳቤሽ ላይ ደብዳቤ ሲጨመር ሳልከፍተው ያስቀመጥኩት አለ። አትቀየሚኝ።

አገር ቤት ገብቻለሁ። አሁን የምኖረው ቦሬ፣ ወንድሜ ሸዋንግዛው ቤት ነው። በያቤሎ በኩል ዞሬ ለምን እንደመጣሁ፣ ነገሌን ለምን እንዳላቋረጥኩ ኤርሚያስን ጠይቀሽው ነበር አሉ። መንገዱ አይደለም ምክንያቱ። እዚህ ብርድ ነው፣ ጉም ነው፣ ከጓሮ ያለው ቀርከሃ ሌሊትና ቀን ይንሿሿል። አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ስም ስጠራ ልጆቹ «አቤት» ሲሉ ለመልመድ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ወደ ነገሌ እመጣለሁ። ልጁን ለማየት።

ከዚያ በፊት ልትጽፊልኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ ጻፊልኝ።

ማሚቴ

*

ነገሌ፣ ግንቦት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማሚቴ፣

አይምጡ። ወይም ይምጡ፣ ግን ይህን አንብበው ይምጡ።

ልጅዎ የለም። ትኩሳቱ በዘጠነኛው ቀን ለቀቀው ብዬ የጻፍኩልዎ እውነት ነው፤ ነፍሱም አብራ ነው የለቀቀችው። ባለበት የሚነካው የለም ያልኩትም እውነት ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አንድም ውሸት የለም። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። መዋሸት ሳልጀምር መደበቅ እችል ነበር።

እሑድ እኩለ ቀን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አፉን አልከፈተም ነበር፣ ከዚያ ድንገት ዓይኑን ገልጦ «እማ» አለኝ። «አቤት» አልኩት። እትዬ፣ በዚያች ሰዓት እኔ ረሒማ ነኝ እንዴት ልበለው? «እማ፣ መጣሽ?» አለኝ። «መጣሁ» አልኩት። እጁን ደረቴ ውስጥ ከተተ። በዚያው ቀረ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተነሣሁም።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ላይ ተኩስ ነበር። ረዲ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። በዚያ ሙቀት ማሳደር አይቻልም። ከሰዓት ከፍነን በእኛ መቃብር ቀበርነው። ዲባ ነው የቆፈረው። የሰገዱለት አራት ሰዎች ናቸው። ስሙ ማነው ቢሉ ጀላል አልን። ቤት ስንገባ ረዲ ግድግዳውን ይዞ «አደራ በላን» እያለ አለቀሰ። ክርስትና የተነሣ ልጅ በእኛ ሥርዓት መቅበራችንን ሲያስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለውም።

ከስምንት ወር በኋላ ደብዳቤዎ መጣ። አምሀ የልጁን ወሬ ከሰማ ይበላል ይላል። ሞቷል ብዬ ብጽፍ ጋሽ አምሀን የምገድለው እኔ ነኝ። አንድ ደብዳቤ ብቻ ብዬ ነበር፤ እስኪሻለው ድረስ። እርስዎ ግን ገንፎ በላ ብለው ጻፉልኝ! ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቃሌ የሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ እህል ሆነ፤ እንዴት ላቁም?

ጥርሱ የወለቀው ሱሀይብ ነው። ከአህያ የወደቀው፣ ሦስቱን ቋንቋ የሚያወራው ሱሀይብ ነው። ልጄ የኖረውን እየቆረስኩ ለልጅዎ ሰጠሁት። ኤርሚያስም አያውቅም፤ ሱሀይብን ሲያይ የእርስዎ ይመስለዋል። ፎቶው... ፎቶውን ያውቁታል። ሹራብዎን ሳለብሰው ቁልፉ አልገባልኝ ብሎ ረዲ ቆለፈለት። ፎቶ አንሺው «ሳቅ በል» ሲለው ልጄ ወደ እኔ አየ። የማን ሆኖ እንደሚስቅ የጠየቀኝ መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት ጽፌ ያልላክሁትን ደብዳቤ ሱሀይብ አገኘው። ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ያነባል። «እማዬ፣ ይሄ እኔ ነኝ። ለምን ጀላል ትይኛለሽ?» አለኝ። ደብዳቤውን ከእጁ ቀማሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስጠራው ቶሎ አይመጣም። ሦስት ጊዜ እስክጠራው ይጠብቃል። ስሙ በእርግጥ የእሱ መሆኑን እስኪያጣራ ይመስለኛል።

የእርስዎም ልጅ ይመጣል። እኩለ ቀን ላይ ጓዳው በር ላይ ይቆማል። አይናገርም። ሰው አበደች እንዳይለኝ ለማንም አልነገርኩም። በስሙ ያልተለቀሰለት ልጅ ወዴት ይሂድ? እኔ ነኝ የያዝኩት።

ይቅርታ አልለምንም። ምን ብዬ?

ረሒማ

*

ቦሬ፣ ሰኔ 11 ቀን 1988 ዓ.ም.

ረሒማ፣

አውቅ ነበር።

ፎቶው የመጣ ቀን ነው ያወቅሁት። ሱሀይብ እኛ ጓሮ ሲሮጥ ወድቆ ቅንድቡን የተሰነጠቀ ጊዜ ደሙን በነጠላዬ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ጠባሳውን እንዴት እረሳዋለሁ? ፎቶውን ከፖስታው አውጥቼ ጠባሳውን እንዳየሁ አምሀ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። «የአባቴ አገጭ» አለ። «አዎ» አልኩት።

እንግዲህ አንቺ ለእኔ ያደረግሽውን እኔም ለእሱ አደረግሁ። ስለዚህ ለምን ዋሸሽ አልልሽም። አፍ የለኝም።

ግን ስሚኝ። ሁለት ቀን ባሌን እያሳቅሁ ልጄን ቀበርኩ። ድምፅ አውጥቼ እንዳላለቅስ መሐረብ ነከስኩ። አምሀ ሲሞት ካምፑ ሁሉ ለአንድ ሰው ያለቀስኩ መሰለው፤ እኔ ለሁለት ነበር የማለቅሰው። የቀኑን ቁጥር አላውቅ፣ የት እንዳለ አላውቅ፣ አፈር ይሁን ጅብ ምን እንዳገኘው አላውቅ። ይህን አንቺ ታውቂ ነበር። «ሌላ አትላኪልኝ» ብዬ ስጽፍ ትረጂኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። «ሱሀይብን ሳሚልኝ» ስልሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ስለ ጫማ ጻፍሽልኝ። አምሀ ከሞተ በኋላ ለማን ነበር የምትዋሽው? ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ያንን ደብዳቤሽን ቀደድኩት፣ ከዚያ መልሼ ገጣጠምኩት፤ ሌላ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ስለሌለኝ።

«መጣሁ» ብለሽዋል። ይህን ስትጽፊልኝ እየገደልሽኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ብቻውን አለመሞቱን ነግረሽኛል። ሌላ ሴት ደረት ላይ መሞቱንም ነግረሽኛል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መስማት አልችልም።

እመጣለሁ። መቼ እንደሆነ አልነግርሽም።

ማሚቴ

*

ቦሬ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለረሒማ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ነገሌ ድረስ መጥተሽ ደጄን ሳትረግጪ እንዴት ትመለሻለሽ ብለሽ ጽፈሻል። ሰው አይቶኝ እንደነገረሽ ገብቶኛል። ሁሉንም ልንገርሽ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው የመጣሁት። ከአውቶቡስ ስወርድ አቧራው እንኳ አላወቀኝም። መቃብሩን ማንን እጠይቃለሁ ብዬ ስዞር እንጨት የጫነ አህያ የሚነዳ ሽማግሌ አገኘሁ። ዲባ እንደሆነ በአህያው ጠረጠርኩ። «አካም?» አልኩት። «ናጋ» አለኝ። «የግርማ እናት ነኝ» አልኩት። አላወቀውም። «የጀላል እናት ነኝ» አልኩት። ረሒማ፣ ያን ስም ከአፌ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ! እሱ አሁንም ራሱን ነቀነቀ። ከተማው ውስጥ ስንት ጀላል አለ። በመጨረሻ «የኡልፊና» አልኩት። አህያውን አቆመ። እንጨቱን አራገፈና መንገድ ዳር ደረደረው። ከዚያ ቀድሞኝ ሄደ።

መቃብሯ ትንሽ ናት። ድንጋዮቹን ዙሪያዋን የደረደረው እሱ ነው። ከብት እንዳይረግጣት እሾህ አጥሮባታል፣ በየክረምቱ ያድሰዋል። በዚያ ሲያልፍ «ኡልፊና፣ ናጋ?» እያለ ሰላም ብሎት ያልፋል አሉ። አምስት ዓመት ተኩል ሊሆነው። አንቺ ቤትሽ ውስጥ ስትፈሪው እሱ መንገድ ላይ ሰላምታ ይሰጠው ነበር። ተቀመጥኩና አለቀስኩ። መሐረብ አልነከስኩም። ዲባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ጠበቀኝ። የመጣ የሄደ ሁሉ ሰማኝ፣ ይስማኝ።

ረዲ አጽሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛወር እንደሆነ ጠይቋል። አይነካ በይው። ያገኘውን ዕረፍት አልቀማውም። እዚያው ነገሌ ቄሱ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። «የክርስትና ስሙን ብቻ ንገሪኝ» አሉኝና ጸለዩለት። ረዲ ያደረገው ለልጄ ክብር ነውና ይተኛ። እሱ አደራ አልበላም። ይህን በእኔ ቃል ንገሪው።

ከዚያ ወደ ሱቅሽ መጣሁ። አዎ፣ መጥቻለሁ። ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊው ጥላ ሥር ቆምኩ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ሻይ ቅጠል ትመዝኚ ነበር። ፀጉርሽ ሸብቷል። ሱሀይብ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ቀና ብሎ አየኝ። ያ ልጅ ዓመታት ሙሉ በሐሳቤ ያሳደግሁት ነው። ሲወድቅ የደነገጥኩለት፣ ሲያወራ የሳቅሁለት ነው። ፎቶው ከመጣ በኋላም እንኳ ማቆም አልቻልኩም ነበር። አፌን ከፈትኩ። ልጠራው የነበረው ግርማ ብዬ ነው።

አፌን በእጄ ያዝኩ። በዚያው እጄ አፌ ላይ እንዳለ መናኸሪያ ደረስኩ። ደጅሽን ያልረገጥኩት ለዚህ ነው። ከአንቺ መሸሼ አይደለም። አንድ ልጅ በሌላ ልጅ ስም ስንት ጊዜ ይጠራ? እኔም ልጨምርበት?

ጓዳው በር ላይ አሁንም ይቆማል ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር። ከነሐሴ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብለሻል፣ እሱም ከሩቅ። እኔ ምን እንደምልሽ አላውቅም። እዚህም አልመጣም። ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ጫማዎቹን ግን ለሚያደርጋቸው ልጅ ስጪ። በሰፈሩ ባዶ እግሩን የሚሄድ አይጠፋም።

ዝውውር ጠይቄ ነበር፤ ተፈቅዶልኛል። ከጥር ጀምሮ ነገሌ አስተምራለሁ። አንድ ክፍል ቤት ፈልጊልኝ። ከመቃብሩ መንገድ ራቅ ያለ ይሁን፤ ከሱቅሽም ለጊዜው ራቅ ይበል። አሁንም አንዳንድ ቀን ብቻዬን ስሆን በሐሳቤ እናደድብሻለሁ፤ እንዲህ ስል ራሴም ይገርመኛል። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ብጽፍ እኔም እንዳንቺ በደብዳቤ መዋሸቴ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣ ይሆናል። ሲመጣ በእግሬ መጥቼ እነግርሻለሁ።

መናኸሪያ አትምጪ፣ ረዲም አይምጣ። ሱሀይብ ግን፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ይምጣና ሻንጣዬን ያግዘኝ። አሁን በየጠዋቱ ክፍል ከመግባቴ በፊት ብቻዬን እለማመዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ይደናቀፍብኝ ነበር። አሁን አይደናቀፍብኝም። ከአውቶቡሱ ስወርድ ሦስት ጊዜ አላስጠብቀውም፤ ገና በሩቁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በገዛ ስሙ ሱሀይብ ብዬ እጠራዋለሁ።

ማሚቴ